ቁስሌን በበረኪና ላጠበልኝ ክሊኒክ

ለክቡር ዶክተር ሙሕሲን
የባልባላ ሰፈር ክሊኒክ ባለቤትና ኃላፊ
ጅቡቲ

ክቡርነትዎ፣

እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና እንድትሰነብቱ፣ በተለይም የገዛ ክሊኒክዎን ደጅ የሚያስረግጥ አደጋ እንዳይገጥማችሁ ከልብ እመኛለሁ። ይሄይስ እባላለሁ፤ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ የምነዳ ሾፌር ነኝ። ባለፈው ወር ጭነት ሳስር ሰንሰለት ተበጥሶ ግራ መዳፌን ቢተረትረው፣ ደሜን እያንጠባጠብኩ ወደ እናንተ መጣሁ። ላደረጋችሁልኝ አቀባበል በአደባባይ ላመሰግን ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የአገሬ ልጅ ነርስ ትርሲት ሁለት ስፌት ከሰፋችልኝ በኋላ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስትል ጠየቀችኝ። «የኤችአይቪ፤ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቫይረሱ በምርመራ እንኳ አይታይም» አልኳት። መርፌውን ሥጋዬ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ኋላ ተስፈንጥራ፣ ከተማው ኤድስን በሚጠራበት ስም «ሲዳ! ሲዳ!» እያለች ለተራ ጠባቂዎች ሁሉ አወጀችልኝ። ምስጢር ጠባቂነቷን አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ዘበኛችሁ ዘይድ እጁን እንዳያረክስ በዱላ እየገፋ ወደ በሩ ነዳኝ። «መርፌውን እንኳ አውጡልኝ» ብዬ ብለምነው ክርኔን በዱላው መታኝ፤ አግዳሚውን ሊያጥብ ያመጣውን በረኪናም በተከፈተው ቁስሌ ላይ ደፋው። እንደሚታረድ በሬ አጓራሁ።

ክቡርነትዎም በርዎን ገርበብ አድርገው «ቶሎ አስወጡት፤ ሰው ይሸሻል» ካሉ በኋላ መልሰው ዘጉት። ያን በር በእርስዎ ግንባር ብከፍተው ምንኛ ደስ ባለኝ! ነገር ግን ጨዋ ነኝ።

የጽዳት ሠራተኛችሁ ሀኪማ መንገድ ድረስ ተከትላኝ ሮጠች። ጓንት አጥልቃ መርፌውን ነቀለችልኝ፤ ሻሿን ፈትታ እጄን አሰረችልኝና «አይዞህ ወንድሜ» አለችኝ። ሕክምና ያገኘሁት ከእርሷ ብቻ ነው። በማግስቱ ከሥራ አሰናበታችኋት። ቁስሉ አመርቅዞ ሌላ ሆስፒታል ሁለት ጣቶቼን ቆረጠ።

እውነት መናገር ስንት ጣት እንደሚያስከፍል በቤትዎ የተማረ፣ በግራ መዳፉ በቀሩት ሦስት ጣቶች እጅ የሚነሳዎት፣

ይሄይስ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት አንድ የሙያ ባልደረባዬ እግሩ ላይ ቆስሎ መጥቶላችሁ ነበር። ትርሲት ስትጠይቀው «ምንም በሽታ የለብኝም» አላት፤ እርሷም እየሳቀች፣ እያጫወተች፣ አሳምራ ሰፋችለት። እኔና እርሱ መድኃኒታችንን የምንወስደው ከአንድ መስኮት ነው። ስሙን ግን አልነግርዎትም።