የሽብሩ ቅቤ

ሐሙስ፣ መስከረም 12

“ሽብሩ ሞቷል” አለኝ፣ ካልሲውን እያወለቀ። ልክ ሱቁ ተዘግቷል እንደማለት። ባሌ ክፍሌ ከግንባር መጥቶ ገና መቀመጡ ነው። እኔም “መቼ?” አልኩት። “ክረምት ላይ” አለኝ። ከዚያ ውሃ አሙቄ እግሩን አጠብኩት። እንባ የለም። ምን ነካኝ?

ሽብሩ የጎረቤታችን የእትዬ ወለላ ልጅ ነው። ባሌ በደርግ ጊዜ መቶ አለቃ ነበር፤ ከተቀነሰ ወዲህ እዚሁ ወልቂጤ ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጥ ኖሮ፣ ጦርነቱ ሲነሳ ማንም ሳያስገድደው ሄዶ ተመዘገበ። ሰፈሩ “ይሄ ሰውዬ አልጠገበም እንዴ?” ብሎ አማው። እኔም አብሬ አማሁት። ሽብሩ ግን ተከትሎት ሄደ። እትዬ ወለላ መናኸሪያ ድረስ መጥተው የልጃቸውን እጅ ክፍሌ እጅ ላይ አኑረው፣ “መቶ አለቃ፣ አደራ!” ሲሉት አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

ክፍሌ ሰኞ ወደ ግንባር ይመለሳል። መስቀልን እንኳ አይውልም።

ዓርብ፣ መስከረም 13

እትዬ ወለላ ገና ከበር፣ “አንቺ! ባልሽን ደብቀሽ ብቻሽን ልትበዪው ነው?” አሉ። ሳቅሁ። እንዴት እንደሳቅሁ እንጃ።

“የኔስ ልጅ?” አሉት።

“ፈቃድ በተራ ነው እትዬ” አላቸው፣ መሬት መሬት እያየ።

ለሽብሩ ቅቤ በኮባ ጠቅልለው ለብቻው አስቀምጠዋል። ዘግይቶም ቢመጣ ክትፎ አይቀርበትም አሉ።

ከሰዓት የእድሩ ዳኛ አቶ ደንቡ ዘንድ ሄድን። “በመስቀል መርዶ? ነውር ነው!” አሉ። “በዓሉ ይለፍ። ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እንነግራታለን።”

“እኔ ሰኞ እሄዳለሁ። አደራው የኔ ነበር፤ ከኔ ብትሰማ ይሻላል።”

“ሂዳ! መርዶ የአንድ ሰው ነው እንዴ?”

ቅዳሜ፣ መስከረም 14

የጎመን ክትፎ ቀን። ቅቤው በዛ፣ አይቡ አማረ፣ ጨው ረሳሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በላ፣ ማንም ትንፍሽ አላለም። ክፍሌ ሦስት ጊዜ ጨምሩልኝ አለ። ምን እየበላ እንደሆነ ያወቀም አይመስለኝ።

ልጃችን ማርታ “ጋሼ” አለችው፣ እንደ እንግዳ። “አቤት” አላት። በቃ።

እሁድ፣ መስከረም 15

በሬው ታረደ። ወንዶቹ “ዘንድሮ ካራው የመቶ አለቃ ነው!” ብለው ሰጡት። አልቀበልም አለ። “እጄን አሞኛል።”

አንዱ ቀልደኛ፣ “ጠላት ፊት የማይፈራ በሬ ፈራ!” አለ። ሁሉም አውካካ። እጁ ደህና ነው፤ እኔ አውቃለሁ። እትዬ ወለላ አልሳቁም። እጁን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩ።

አሁን ስጽፍ ነው ልብ ያልኩት፤ ዛሬ ስለ ሽብሩ አንዴም አልጠየቁም።

ሰኞ፣ መስከረም 16

በጠዋት በሩ ተንኳኳ። እትዬ ወለላ ናቸው። በኮባ የነበረው ቅቤ ተነጥሮ ጣሳ ውስጥ ገብቷል።

“ይዘህ ሂድ” አሉት።

“ለሽብ…” ብሎ ተወው።

“ለእሱ አላልኩም። እዚያ ላሉት ልጆች ነው። እናቶቻቸው ሩቅ ናቸው።” ጣሳውን ለኔ አቀበሉኝ። “አፈር አልብሰኸዋል?”

“አልብሼዋለሁ። በእጄ።”

እትዬ ወለላ እጁን ያዙና ገልበጥ አድርገው አዩት፤ መልሰው ለቀቁት። “በል ሂድ፣ መኪናው ይሞላብሃል።”

ክፍሌን ሸኝተን ከመናኸሪያ ስንመለስ እትዬ ወለላ ክንዴን ይዘውኛል። ገበያው መተላለፊያ የለውም፤ ሰው ሁሉ ለደመራ ይሯሯጣል። ለሰላምታው ሁሉ “እንኳን አብሮ አደረሰን!” እያሉ መለሱ። በራችን ጋ ስንደርስ ቆም አሉና፣ “አንቺ” አሉኝ፣ “ጎመንሽ እኮ ጨው አልነበረውም።”

ሳቅ አፈነኝ። ሳቅሁ፣ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ከሐሙስ ጀምሮ የት ተደብቆ ነበር? እትዬ ወለላ በነጠላቸው ጫፍ አፌን ያዙ።

“ቀስ! ሰው ይሰማል። እስከ ረቡዕ ቻይው።”