የካዌካ ግራ እጅ

ማክሰኞ፣ ማርች 12፣ 1996

ዛሬም ሻርሎይስ ሰፈር፣ ዘፈን የምቀዳበት ያው ምድር ቤት ስቱዲዮ። አዲስ ሰው መጣ... ካዌካ የሚባሉ የሃዋይ ሽማግሌ። ስድስት የደሴታቸውን የጥንት ዘፈኖች፣ አራት ደግሞ የራሳቸውን ሊቀዱ። የጊታሩን ክሮች ያላላሉ፤ በአገራቸው የሚቃኘው እንዲህ ነው አሉ። ሁለቱን ቀዳን። ፎቅ ላይ ግድግዳ የሚሰረስር ሰው ነበር፣ ደጋገምን። ደህና ቀን።

ሐሙስ 14

ስድስቱን የጥንት ዘፈኖች ቀድተን ጨረስን። ከራሳቸው አንዱን ለልምምድ ዘፈኑልኝ። ወደብ ላይ በጩቤ ተወግቶ ስለሞተው ወንድማቸው ነው። እንደዚህ ያለ ነገር እንዴት በለስላሳ ድምፅ ይዘፈናል? አልጠየቅኳቸውም።

ዓርብ 15

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አብረን ወጣን። ሜትሮው ደረጃ ሥር ሦስት ወጣቶች፣ አንዱ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለበት፣ ጊታሩን ያዙ። ሽማግሌው አልለቅም አሉ። አንዱ ፊታቸውን በቡጢ መታቸው፣ ወደቁ። የጊታሩን ሻንጣ ግን አልለቀቁም። ከዚያ ግራ እጃቸውን በቦት ጫማ... አንዴ አይደለም። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።

ሮጥኩ። ፖሊስ ልጠራ ነው አልኩ ለራሴ። የስልኩን ሳጥን አልፌ ሮጥኩ። እቤቴ ድረስ።

ቅዳሜ 16

ሆስፒታል። ሦስት ጣት ተሰብሯል። ጊታሩም ተወስዷል። ፊታቸው አብጦ አንድ ዓይናቸው ተደፍኗል። ፖሊሱ ቃላቸውን ሲቀበል ደረስኩ። "ፊልሞን እርዳታ ሊጠራ ሄዶ ነው" አሉት፣ እኔን እያዩ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ 19

ባለቤቴ ፀዲ ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ብትቆይ ይገድሉህ ነበር አለች። እውነቷን ነው... ታዲያ ለምን አልቀለለኝም?

ረቡዕ 27

አየሁት። ከሦስቱ አንዱን፣ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ያለውን። ከገበያው ጀምሬ ተከተልኩት። የሚታደስ ቤት አጠገብ የብረት ቧንቧ አነሣሁ። ከኋላ ጉልበቱን መታሁት። ሲወድቅ ትከሻውን። ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። "አስትዩብሊፍት፣ ሜኔር" አለኝ። በአገሩ ቋንቋ እባክዎ ጌታዬ ማለቱ ነው። ቀኝ እጁን ረገጥኩት። ደገምኩት። ያው ድምፅ።

ደስ አለኝ። ይሄንንም መጻፍ አለብኝ... ደስ አለኝ።

ሐሙስ 28

ለካዌካ ልነግራቸው ሄድኩ። ሰምተው ጨረሱ። ከዚያ ባለጠባሳው ጊታሩን የጎተተው ነው፣ እጄን የረገጠው ሌላው ነው አሉኝ።

"ለእርስዎ ብዬ ነው" አልኳቸው።

"ለእኔ አይደለም። ስለሮጥክ ነው።"

ውጣ አሉኝ። ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ራሴ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ፀዲ እስከ በሩ ሸኘችኝ። የሁለቱንም ቀን ተናገርኩ፣ መሮጤን ጭምር። የሚጽፈው ሰውዬ ቀና ብሎ መሮጥ ወንጀል አይደለም አለኝ። የመታሁት ልጅ ብረት በያጅ ነበር። በዚያ እጁ ዳግም መሥራቱን እንጃ አሉ።

ዓርብ፣ ሜይ 24

ፍርድ ቤት የምቀርበው በሚቀጥለው ወር ነው። ዛሬ ካዌካ ስቱዲዮ መጡ፣ ባዶ እጃቸውን። ሌላ የሚቀዳ ሰው ልጥራልዎት ወይ አልኳቸው። አንተ ቅዳ አሉኝ። አራቱን የራሳቸውን ዘፈኖች ያለ ጊታር፣ በድምፃቸው ብቻ ዘፈኑ።

ሲጨርሱ ግራ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ሦስቱ ጣቶች አይታጠፉም። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም፣ እኔም አልጠየቅኩም። እጃቸውን ያዝኩት። መጨበጥ ግን ፈራሁ።