የገረጣ ቅመም በመሸጤ ከመጸዳጃው በር ስለመዛወሬ

ለክቡር ባቶኖ ኡሻንጊ፣ የገበያችን አስተዳዳሪ፤ ግልባጭ ለገበያው ሕዝብ፤

ጤናዎ የተሟላ፣ ደምዎም ከእርሳስ የጸዳ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ናዚብሮላ ነኝ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቅመም ተራ ተቀምጬ፣ ባለፈው ሰኞ በእርስዎ መልካም ፈቃድ ወደ መጸዳጃው በር የተዛወርኩት።

አንደኛ፣ ስለ አዲሱ ቦታዬ አመሰግናለሁ። ጥፋቴን ግን ሕዝቡ ከእኔው አፍ ይስማው። የአምስት ዓመቷ የልጅ ልጄ ፒክሪያ ክረምቱን ሙሉ ሆዷን ሲቆርጣት፣ የምታውቀውን መዝሙር ስትረሳ ከረመች። ሐኪሟ ደሟን ቢያስመረምሩ፣ እርሳስ የተባለው መርዘኛ ብረት ተገኘ። ቧንቧው፣ የግድግዳው ቀለም፣ መጫወቻዋ ሁሉ ተፈተሸ። የተገኘው ከምሸጠው የቢጫ አበባ ቅመም ውስጥ ነበር፤ አከፋፋዩ እንዲያበራ ብሎ እርሳስ ያለበት ቀለም ቀላቅሎበታል። በሳጺቪ ወጥ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። ለጎረቤት የሸጥኩትም እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ ፊቴ እንደሚቃጠል አልደብቅዎትም።

የቀረኝን ቤታችንን ለፈተሹት የጤና መርማሪዎች አስረክቤ፣ የጓሮዬን አበባ ለቅሜ፣ አድርቄ፣ ራሴ ፈጨሁ። ቀለሙ ገረጣ። «የገረጣው እርሳስ ስለሌለበት ነው» ብዬ ካርቶን ላይ ጽፌ ሰቀልኩ።

ሁለተኛው ምስጋናዬ ያንን ካርቶን በክቡር እጅዎ ስለቀደዱልኝ ነው። «አንቺ ሴትዮ፣ የሰው ጉሮሮ አትዝጊ!» አሉኝ። ስለ ጉሮሮ ማሰብዎ ደስ ብሎኛል፤ በዚያ ጉሮሮ የሚወርደው ቅመም እንዲመረመር ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ ሦስቴም «ደማቁ ደንበኛ ይስባል» ብለው መልሰውኛልና።

አጠገቤ ትሸጥ የነበረችው ጺዩሪ «ናዚዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ፤ እኛንም ታስባርሪናለሽ» ስትለኝ ነበር። ሐሙስ ዕለት የልጇን የደም ውጤት ተቀብላ መጣች። ጠረጴዛዋን እየጎተተች መጥታ፣ እዚሁ መጸዳጃው በር ላይ ከጎኔ ተቀመጠች። ስለዚህ ሦስተኛ ቅሬታ የለኝም፤ ጎረቤት አግኝቻለሁ።

የፒክሪያ ደም እየጠራ ነው። የረሳችው ይመለስላት እንደሆነ ግን ሐኪሟ ሊምሉልኝ አልደፈሩም። እኔም ዛሬ ጠዋት የቀደዱትን የካርቶኑን ቃል በወፍራም ጣውላ ላይ ጽፌ ሰቀልኩት። መጥተው ይንቀሉት፤ ሚስማሩ ረጅም ነው።

ለክብርዎ እጅ እየነሣሁ፣ ከቦታዬ ግን ሳልነቃነቅ፣
ናዚብሮላ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ባለቤትዎ ቅዳሜ መጥተው ከገረጣው ሁለት ከረጢት ገዝተዋል። ለማንም እንዳልናገር ስለለመኑኝ፣ ስማቸውን አልጻፍኩም።