«ተራ ወረቀት» የሚለውን ተጭነው የሰው ስም ላረገፉት ክቡር ሬጅስትራር

ለክቡር አቶ ዊክሊፍ ባልዬጁሳ፣ የናምቤዜ የአዋላጆች ማሰልጠኛ ትምህርት ቤት ሬጅስትራር፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎስ? ባለፈው ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ከወንበርዎ ተነሥተው ፕሪንተሩን ለማየት አራት እርምጃ መራመድ እንደ ከበደዎት ስላየሁ፣ እኔም ባለቤቴም በጸሎታችን ስናስብዎት ሰንብተናል።

ኤሪያሳፍ ሴንቶንጎ እባላለሁ። ካምፓላ፣ ናስር መንገድ ላይ የሠርግ ጥሪና የቀብር መርሐ ግብር ሳትም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። መንገዳችን በሐሰተኛ ሰነድ እንደሚታማ አውቃለሁ፤ እርስዎም ፊት ለፊት ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ግን ስለ እኔ ስም ሳይሆን እርስዎ ስላረገፉት ስም ነው።

፩. ለዘንድሮ ተመራቂዎች የመረጡት የሰርተፊኬት ወረቀት እጅግ ያማረ ነው፤ ወፍራም፣ የእርጎ መልክ ያለው፣ ሲዳስሱት ሻከር የሚል። ይህን የመሰለ ወረቀት ገዝቶ ፕሪንተሩን «ተራ ወረቀት ነው» ብሎ መዋሸት ግን ሙሽራን ከረባት አስሮ ሱሪ እንደ መንሳት ነው። ክቡርነትዎ በሥራ ብዛት ሳይሰሙት ቀርተው ከሆነ፣ ፕሪንተሩ የቀለሙን ዱቄት ወረቀቱ ላይ ካሳረፈ በኋላ በጋለ ሮለር አቅልጦ ያጣብቀዋል። ወፍራም ወረቀት ሙቀት ስለሚጠጣ ሮለሩ ይበልጥ መጋል፣ ወረቀቱም ቀስ ብሎ ማለፍ አለበት። ይህንንም ማሽኑ ከሰማይ አይገለጥለትም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የወረቀት ዓይነት ከሚለው ሥር «ወፍራም» የሚለውን የሚመርጥለት ሰው ያስፈልገዋል። አለዚያ ዱቄቱ እንዲሁ ያርፍና ለጊዜው ጽሑፍ ይመስላል።

፪. ያ «ለጊዜው» ያለቀው በወይዘሪት ፔርፔቱዋ ኒያፔንዲ ላይ ነው። ይህች ልጅ ከጓሮዬ ባለችው ክፍል ተከራይታ ሦስት ዓመት ስታጠና አይቻታለሁ። በሐይቁ ላይ ባለች ደሴት፣ አዋላጅ ባጣ ጤና ጣቢያ ለመቀጠር ካምፓላ ፈተና ቀረበች። ፈታኙ ሰርተፊኬቷን ከላስቲክ ሽፋኑ መዘዝ ሲያደርገው ወረቀቱ ወጣ፤ ስሟ ላስቲኩ ላይ ቀረ። ሰውየውም ሳቀና፣ «እኅቴ፣ ይሄ የናስር መንገድ ሥራ ነው አይደል? ሁለተኛ ጊዜ እንኳ ደህና ሠራተኛ ፈልጊ» ብሎ አሰናበታት።

በቀጥታ ሱቄ መጣች። አላለቀሰችም። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግታ፣ «ሙዜ፣ አንተ ሽማግሌ ነህ፣ እውነቱን ንገረኝ። የተማርኩት እኔ ነኝ አይደለሁም?» አለችኝ። በአውራ ጣቴ አሸት ባደርገው «አዋላጅ» የሚለው ቃል እንደ ጥላሸት ጣቴ ላይ ቀረ። ጣቴን ታጠብኩና ሱቄን ዘጋሁ።

፫. አብረን ወደ ቢሮዎ ስንመጣ ስላደረጉልን አቀባበል ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጉዳዩን ሳስረዳዎት፣ «ወረቀት ወረቀት ነው! አንተ የናስር መንገድ ሰው ሰርተፊኬት እንዴት እንደሚሠራ ልታስተምረኝ መጣህ?» አሉኝ። እርሷንም ሰርተፊኬቱ መጥፋቱን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ እንድታመጣ አዘዟት። ጣቢያ ስንደርስ ፖሊሱ ግራ ገብቶት፣ «የጠፋው ወረቀቱ ነው ስሙ?» ብሎ ጠየቃት። «ስሙ» ስትለው፣ «ለስም መዝገብ የለንም። ወረቀቱን ጣዪውና ተመለሺ» አላት። «ሳልጥለው ጣልኩት አልልም» ብላ ወጣች።

ተመልሰን ስንመጣ እርስዎ ምሳ ላይ ነበሩ። ጸሐፊዎ ወይዘሮ ሎቪንሳ አዝና አዲስ ልታትምላት ፈቀደች፤ ኮምፒውተሩ ላይ «ወፍራም» የሚለውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። (ይህን በአደባባይ የማነሣው ሴትዮዋን አስቀድመው ዕቃ ግምጃ ቤት ስላዛወሯት፣ ከእንግዲህ የምጎዳት ስለሌለ ነው።) አዲሱን በጣቴ፣ በጥፍሬ፣ በመሐረቤ ፈተግሁት፤ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ እርስዎ ደረሱ። ባለቤቶቻቸው ገና ካልወሰዷቸው ሰርተፊኬቶች ጋር አስተያዩትና፣ «ይሄ ከሌሎቹ ይለያል፤ የተጭበረበረ ነው» ብለው በቀይ «ተሰርዟል» ጻፉበት። ከአርባ ሰባቱ የዘንድሮ ተመራቂዎች ሰርተፊኬቶች ስም የያዘው አንዱ ነበር፤ እርሱንም ስም በመያዙ ሻሩት! በሐሰተኛ ሰነድ በሚታማ መንገድ ላይ አርጅቻለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ እውነተኛውን ሰነድ ከሐሰተኛው አስቀያሚ አድርጎ የሚሠራ ሰው ግን ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም።

እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅቱ ከእጅዎ አምልጣለች። በማግስቱ ሁለቱንም ወረቀት ይዛ በጀልባ ወደ ደሴቲቱ ሄደች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ፌቢያን አሎዮ ሁለቱንም በረጠበ ጣቷ አሸት አሸት አድርጋ፣ «አሁን ወረቀቱን ተዪው። ሕፃኑ በመቀመጫው ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ?» አለቻት። ፔርፔቱዋ ሳትደናገጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻት። ሲስተሯ የብሔራዊ ፈተናውን መዝገብ ወደሚይዘው ቢሮ ደወለች፤ እዚያ ስሟ በብዕር ተጽፎ ኖሮ ተገኘ። ቀጠረቻት። ባለፈው ሳምንት ስትደውልልኝ ከጀርባዋ ሕፃን ይጮኻል። «ሰማኸው ሙዜ? በመቀመጫው ነው የመጣው!» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ የቆመ ደንበኛዬንም ለአፍታ ረሳሁት።

የቀሩት አርባ ስድስቱ ግን ዛሬም ላስቲካቸውን ይዘው ከቢሮ ቢሮ እየዞሩ፣ በየደረሱበት እንደ አጭበርባሪ እየተሳቀባቸው ነው። እንደገና ያትሙላቸው። አንድ ምርጫ፣ አንድ ጣት፤ ከወንበርዎ እንኳ መነሣት አያስፈልግዎትም።

ለድካምዎ ሳይሆን ለዕረፍትዎ የሚሳሳልዎት፣ ከመሐረቤና ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

ኤሪያሳፍ ሴንቶንጎ
ካምፓላ፣ ናስር መንገድ

ማሳሰቢያ፦ በአርባ ስድስቱ ወረቀቶች ላይ አንድ የማይረግፍ ነገር አለ፤ በብዕር ያኖሩት የእርስዎ ፊርማ። ጽሑፉ ተራግፎ ሲያልቅ አገሩ ላይ የሚዞረው በክቡርነትዎ እጅ የተፈረመ ባዶ ወረቀት ነው። በእኛ መንገድ እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ «ወፍራም» የሚለውንም መምረጥ ያውቁበታል።