ቢጫዋ ቁልፍሽ

ውድ ልጄ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል ብለው ነበር ያስተማሩን። «ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል» ብዬ ጻፍኩና እጄ ቆመ። ወረቀቱን ቀደድኩት። ሁለተኛውንም እንደዚያው ጽፌ ቀደድኩት። ይሄ ሦስተኛው ነው፤ ጤናሽን ሳልጠይቅ ልለፈው። እጄ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ከመወልወያ እንጂ ከብዕር ጋር አልተዋወቀም፤ ዝግ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ቅድመ አያትሽ አረፈች። አንቺ «ትልቋ» የምትያት፣ እኔን ደግሞ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ እማማ። ዛሬ አሥራ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ቁርሷን በልታ፣ «ትንሽ ጋደም ልበል» እንዳለች በዚያው ቀረች። ዘጠና ሦስት ዓመቷ ነበር። ሰው ሁሉ «ዕድሜ ጠግባለች፣ ምን ጎደለባት» ይለኛል። እኔ ግን አንድ ግራ የገባኝ ነገር አለ፤ ከአንቺ በቀር የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ክሯን ታስታውሻለሽ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ስትሰፋ ኖረች፤ ጸሎቷንም በቁልፍ አደረገችው። በቤተሰባችን ልጅ ሲወለድ ከመጀመሪያ ልብሱ አንድ ቁልፍ ቆርጣ በወፍራም ክር ላይ ትሰካለች። ጧት ጧት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ እየዳሰሰች ስማችንን ትጠራለች። ለእያንዳንዳችን የምትለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለአጎትሽ «እጁን ከኤሌክትሪክ ጠብቅልኝ»፣ ለእኔ «ጉልበቷን አበርታልኝ»፣ ለአንቺ «ጤና ስጣት»። ትንሽ ሳለሽ «ብስክሌትም ጨምሪልኝ» ብትያት፣ «ለአንድ ሰው አንድ ነገር ነው! ፈጣሪ የኔ ተላላኪ ነው እንዴ?» ብላ አባረረችሽ። የአንቺ ቁልፍ ከእኔ ቀጥላ ያለችው ቢጫዋ ነበረች፤ ጥርስ ስታበቅዪ ነክሰሽ ጠርዟን የሸረፍሻት።

ሰው ሲሞት ደግሞ ክሩን ፈትታ ቁልፉን ታወጣና ከትራሷ አጠገብ ባለችው ጣሳ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። «ላለው እለምንለታለሁ። የሄደውን ግን አስረክቤያለሁ» ትል ነበር።

የስፌት ቤቱን አለቃ ወሬ መቼም አትረሺውም። ሰውዬው ሲጮህባት ሲጮህባት፣ አንድ ቀን ከተሰቀለው ኮቱ ላይ ቁልፍ ቆርጣ ወሰደችበት። «ቁልፌን ያየ!» እያለ ቤቱን ሲያምስ፣ እሷ ከመርፌዋ ቀና ሳትል «ደህና ቦታ ነው ያለው» አለችው። ሃያ ዓመት ሙሉ «አፉን አለዝብለት» ስትልለት ኖረች። አፉ አልለዘበም። ሲሞት ግን ቁልፉን ከጣሳው ከታ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

አሁን ወደ ራሴ ጉድ ልምጣ።

ትምህርትሽ ያለበት ከተማ ድረስ ተጠርቼ ሄጄ፣ የተሳፈርሽበት አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ አንቺን ይዞብኝ እንደሄደ ነግረውኝ፣ እዚያው ቀብሬሽ በስምንተኛው ቀን ተመለስኩ። አጎትሽ በር ላይ ጠበቀኝ። «ለእማማ እንዳትነግሪያት። በዚህ ዕድሜዋ ይሄን ከሰማች አንድ ቀን አታድርም። ልጅቷ እየተማረች ነው፣ በቃ» አለኝ። እኔ የምከራከርበት አንደበት አልነበረኝም። ገብቼ «ጠይቄያት መጣሁ እማማ፣ ደህና ናት» አልኳት።

ዐይኗ ያን ጊዜ ከብርሃንና ከጥላ በቀር የሚለየው አልነበረም። እጇን ዘርግታ ፊቴን ዳበሰችው። ጉንጬን፣ የዐይኔን ሥር፣ ከንፈሬን።

«ከስተሻል» አለች።

«መንገዱ አድክሞኝ ነው።»

ከዚያ ግራጫ ሹራቤን ደረቱ ላይ ያዝ አድርጋ፣ «አውልቂው፣ ቁልፉ ላልቷል። በነገው ጧት ትወስጂዋለሽ» አለችኝ። አወለቅኩላት። በማግስቱ «አጠበቅኩልሽ» ብላ መለሰችልኝ። ለበስኩት። በዚያ ሰሞን ጆንያም ቢሰጡኝ ተቀብዬ እለብስ ነበር።

እንዲህ ተጀመረ። በየቀኑ ከሥራ ስመለስ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ፣ «ልጅቷ ምን አለች?» ትለኛለች። እኔም ሥራ ቦታ እንደደወልሽልኝ አድርጌ እዋሻለሁ። ፈተና ደርሶባታል። አዲስ ጫማ ገዛች፣ ተረከዟን ልጦታል። አብራት የምትኖረው ልጅ ሳሙናዋን እየጨረሰችባት ተኳርፈዋል።

«ሳሙናዋን ትደብቅ!» ትላለች።

«ደበቀችው፤ አገኘችባት።»

«እንግዲያው ያቺ ልጅ ሳሙና ሳይሆን ዐይን ነው የተረፋት!» ብላ ትስቃለች። እኔም አብሬያት ስቄ፣ ማድቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

ልጄ፣ ይሄን ስጽፍልሽ አፍራለሁ። ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አጎትሽ ራሱ፣ ስምሽን ከአፋቸው አወጡት። አንድ ሰው በስህተት ከጠራሽ ሌላው ይጎሽመዋል። አንቺ ፈተና የምትፈተኚው፣ የምትኳረፊው፣ ጫማ የሚልጥሽ እማማ አልጋ አጠገብ ብቻ ነበር። አንዳንድ ቀን ኮሪደር እየወለወልኩ ማታ ምን እንደማወራላት ሳስብ፣ ደስ እንዳለኝ ይታወቀኛል። ይሄ ምን ዓይነት እናትነት ነው?

ጧት ጧት ግን ንዴት ይዞኝ ይነሳል። ከበሩ ኋላ ቆሜ እሰማታለሁ። የእኔን ስም ትጠራለች፣ የአንቺን ታስከትላለች፤ «ጤና ስጣት» ትላለች፤ እንደ ጥንቱ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተለምኖልሽ ነው እኮ የሞትሽው! በሩን ከፍቼ «ለማን ነው የምትለምኚው?» ልላት አፌ ላይ ይደርሳል። አንድ የዝናብ ቀን አልቻልኩም። ገባሁና እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ልጅቷ...»

«ፈተናውን አለፈች?» አለችኝ፤ ፈጥና።

ሹራቤን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩት።

«ንገሪኝ እንጂ፣ አለፈች ወይስ አላለፈችም?»

«አለፈች» አልኩ።

«ተመስገን» ብላ እጇን ራሴ ላይ አሳረፈች፤ ብዙ ጊዜ አላነሳችውም። ከዚያ ወዲህ ልነግራት ሞክሬ አላውቅም።

ከቀብሯ በኋላ ክሯን አነሳሁ። የአጎትሽን፣ የእኔን እየዳሰስኩ መጣሁ። ከእኔ ቀጥሎ የአጎትሽ ትንሹ ልጅ ነው ያለው። ቢጫዋ የለችም። ወድቃ ይሆናል ብለን አጎትሽና እኔ በባትሪ አልጋው ሥር ገባን። የለችም። ጣሳውን ገለበጥኩት። የአለቃው ትልቅ ጥቁር ቁልፍ አለ፣ የእናቴ አለ፣ የአንቺ እዚያም የለችም። ካሉትም ከሞቱትም አጣሁሽ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ሁልጊዜ ሳልገለብጥ የማጥበውን ሹራቤን ገልብጬ ላጥብ አልኩ። ከውስጥ በኩል፣ ከታች ከጎን ስፌቱ ላይ፣ ጥሩ ልብስ ሰፊ መጠባበቂያ ቁልፍ የሚሰፋበት ቦታ ላይ፣ ቢጫዋ ተሰፍታለች። የተሸረፈው ጠርዟ ሳይቀር። የተሰፋችበት ክር አረንጓዴ ነው። አውቄዋለሁ። ወደ ትምህርትሽ ስትሄጂ «እኔ እስክመጣ ይበቃሻል» ብለሽ ክር አግብተሽ ትራሷ ላይ ከሰካሽላት መርፌዎች የአንዱ ክር ነው። አረንጓዴ አብዝተሽ ነበር፤ «የእኔ ቀለም ነው» እያልሽ።

ሹራቡን ለእጇ የሰጠኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። አንቺን ቀብሬ የተመለስኩ ቀን።

አጎትሽን ጠርቼ አሳየሁት። «ነግረሃት ነበር?» አልኩት። በልጆቹ ማለ። ከዚያ ገልብጦ አየውና፣ «አርጅታ ነበር እኮ። ቁልፍ ያገኘችው ላይ ትሰፋ ነበር። የእኔን ሱሪ ኪስ ሰፍታ ዘግታው የለም እንዴ! መፍቻዬን ልከት ብል እጄ ውጪ ቀረ» አለኝ። ሳቅኩ። እውነቱን ነው፣ ሰፍታው ነበር። ታዲያ አርጅታ ነው? አርጅታ ከሆነ እንዴት ቦታውን አልሳተችም? ካወቀች ደግሞ፣ ለምን እንደሌሎቹ ከጣሳው አልከተተችሽም? ካወቀች፣ ያን ሁሉ ጧት «ጤና ስጣት» ያለችው ለማን ነው? እኔ ከበሩ ኋላ እንደቆምኩ ታውቅ ነበር? ሳሙናውን፣ ጫማውን፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ ውሸት መሆኑን እያወቀች «ምን አለች?» ስትለኝ የኖረችው እኔ ስለ አንቺ እንዳወራ ብላ ነው? ማን ከማን ሲደብቅ እንደኖረ አላውቅም። አንዱን ሳምን ሌላው ይፈርስብኛል።

ቤተሰቡ ክሯን ለእኔ ተወልኝ። እንደ እሷ እምነት የለኝም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ዛሬ ጧት ግን ሹራቤን ለብሼ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። አጎትሽ ላይ ስደርስ «እጁን ጠብቅለት» አልኩ። ራሴን ዘለልኩ፤ ለራስ እንዴት እንደሚለመን አላስተማረችኝም። ከዚያ እጄን ወደ ሹራቡ ውስጥ አስገብቼ የተሸረፈውን ጠርዟን በጣቴ ያዝኩ። ስምሽን ጠራሁ። ለሞተ ልጅ ምን እንደሚለመን ብዙ አሰብኩ፣ ጠፋኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ተናገርኩ። «ጤና ስጣት» አልኩ።

አብራችሁ ከሆናችሁ አንድ ነገር አስቸግርሻለሁ። መርፌዎቿ አልቀዋል፤ ክር አግቢላት። ያወቀችው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ጠይቂልኝ። ምናልባት ግን ጭራሽ ሳታውቅ ሄዳ ከሆነ፣ አንቺን ስታይ ትደነግጣለችና ቀስ ብለሽ ቅረቢያት። ስለ ፈተናው ከጠየቀችሽ «አልፌያለሁ» በያት። እንዳታጋልጪኝ።

ሹራቤን እስካሁን ያላወለቅኩት፣
እናትሽ