ጌታሁን ያስተካከላቸው ላፕቶፖች

ማክሰኞ፣ የካቲት 17 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ዘመሮ

የልጄን የጌታሁንን የመጨረሻ ሥራ በፊርማዬ አስጠፋሁ። የትምህርት ቤቱን የንብረት ክፍል ቁልፍ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ላፕቶፖቹን አውጥቼ ያስረከብኩትም እኔው።

ጌታሁን በዚሁ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ከሞተ ሰማንያው ገና አልወጣም። መብራት ሲሄድ ስክሪኑ እንዲደበዝዝ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲልም የተጻፈውን ራሱ አስቀምጦ እንዲዘጋ እያንዳንዱን አስተካክሎት ነበር። ትናንት ከደብረ ብርሃን የመጣው ባለሙያ የአንዱን ላፕቶፕ ይዘት እንዳለ ቀድቶ በሁሉም ላይ ሊጭን ሲል፣ «የልጄ ነገር አይነካም?» አልኩት።

«እማማ ደግሞ! ቅጂ እኮ ነው፤ ሁሉም ቁርጥ ይህንኑ ይሆናሉ» ብሎ ሳቀብኝ። ደስ ብሎኝ ፈረምኩ።

ዛሬ ተማሪዎቹ እየጻፉ መብራት ሄደ። ስክሪኖቹ ቦግ ብለው ቆዩና ባትሪያቸው አልቆ ድርግም አሉ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ጠዋቱን ሙሉ የጻፈችው ጠፍቶባት አለቀሰች።

ባለሙያው አንገቱን ደፋ። «ለቅጂ ሲዘጋጅ የባትሪው ማስተካከያ ተሰርዞ እንደ አዲስ ዕቃ ይሆናል። አስቀድሜ ለብቻው በፋይል ማውጣት ነበረብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ። ባትሪው ስንት በመቶ ሲቀር እንዲዘጋ እንዳደረገው ያውቃሉ? መልሼ ልሙላው።»

አላውቅም። ጌታሁን አንድ ቀን ሊያሳየኝ ጠርቶኝ ነበር። «እኔ ምን ይገባኛል? ገብሱ ሳይበጠር ሊመሽብኝ ነው» ብዬው ወጣሁ።

«አንተ እንደመሰለህ አድርገው» አልኩት። ተቀምጦ የራሱን ቁጥር ሞላበት።