ለልጆች ሜዳ ሲያመለክቱ የኖሩት የጋሼ ማመልከቻ የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ ማመልከቻ» እያለ የሚጠራቸው አጎታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና አትክልት ይሸጡ ከነበሩት እናታቸው፣ ዛሬ አስከሬናቸው ከወጣበት ቤት ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጠው በአንድ መሥሪያ ቤት በተላላኪነት ተቀጠሩ። የቢሮው ጸሐፊ ለምሳ ስትወጣ በጽሕፈት መኪናዋ እንዲለማመዱ ፈቀደችላቸው። ስትመለስም የጻፉትን አንብባ ስሕተቱን በቀይ ታከብበት ነበር። በመጨረሻ የሚከበብ ስታጣ «እንግዲህ ከዚህ ውጣና ራስህን ቻል» አለቻቸው።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ያገለገለ የጽሕፈት መኪና ገዝተው በፍርድ ቤቱ በር፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆኑ። ከዚያች ጠረጴዛ ከአርባ ዓመት በላይ አልተነሱም። ዝናብ ሲመጣ መጀመሪያ የባለጉዳዩን ወረቀት፣ ቀጥሎ የጽሕፈት መኪናቸውን፣ በመጨረሻ ራሳቸውን ይሸፍኑ ነበር። የሚያለቅስ ባለጉዳይ ሲገጥማቸው «መጀመሪያ አልቅሰህ ጨርስ፤ እንባ እኔ ወረቀት ላይ አይገባም» ይሉና ሰውየው እስኪረጋጋ አብረውት ይቀመጡ ነበር።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው በዳቦ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው እንደሚያጫውቱን፣ የጋብቻው ጥያቄ የደረሳቸው በጽሕፈት መኪና ተጽፎ፣ «ጉዳዩ፦ ትዳር ስለመጠየቅ» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት ነው። እሳቸውም ከዳቦው መጠቅለያ ጀርባ «ቀርበው ያስረዱ» ብለው መለሱ። ከዚህ ትዳር አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተወለዱ። ወንዱ በብየዳ ሥራ ላይ ይገኛል። ሴቷ ከልጅነቷ ጀምሮ መረብ ኳስ ካልሆነ ሌላ ነገር አልወድም ያለች ልጅ ነበረች።

ጋሼ ማመልከቻ ራሳቸው ስፖርት አይወዱም ነበር። ኳስ የሥራ ፈት ነው ይሉ ነበር። ልጃቸው አሥራ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት ግን፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ባለው ጠጠራማ ሜዳ ላይ ዝቅ ብላ የመጣች ኳስ ለማንሳት ስትወረወር በጉልበቷ ወደቀች። ሁለት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። መራመዱን ተራመደች፤ መዝለሉ ግን በዚያው ቀረ። ልጅቷ ገና ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አባቷን ሜዳው ላይ ጎንበስ ብለው ጠጠር ሲለቅሙ አገኛቸው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ በእጅ አያልቅም» አላቸው። እጃቸውን አራግፈው ወደ ቤት ገቡ። በማግስቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ስፖርት ማመልከቻ ጻፉ።

የሚያውቁት የማመልከቻ ዓይነት ግን አንድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ለወጣቶች ስፖርት ድጋፍ ይሰጣል ለተባለ ድርጅት ክስ ላኩ። «ከሳሽ፦ የሰፈሩ ልጆች። ተከሳሽ፦ ጠጠር።» የደረሰውን ጉዳት በተራ ቁጥር አስቀመጡ፤ ቁስል ያጠቡ እናቶችን በምስክርነት ቆጠሩ፤ ሲጨርሱም «ዳኝነት እንጠይቃለን» አሉ። የድርጅቱ ሠራተኛ ሳቋ እያመለጣት ደወለችላቸው። «አባቴ፣ እኛ እኮ ችሎት አይደለንም» ብትላቸው፣ «ታዲያ ይግባኙን ለማን ልበል?» አሏት። ሴትየዋ መጥታ ሜዳውን አየች። ቆይቶም ኳስ፣ መረብና ሰማያዊ ማሊያ ላከች። ስለ ሜዳው ግን ድርጅቱ ግንባታ አይደግፍም የሚል መልስ ሰጠች።

ይህን መልስ ከዚያ በኋላ ከብዙ ሰው አፍ ሰሙት። ከፍርድ ቤት ሲመለሱ ካልሲያቸውን ቀይረው በየድርጅቱ ይዞሩ ነበር። የፕሮጀክት አጻጻፍ ተማሩ፤ ዓላማና ግብን ለመለየት ብቻ ዓመት ፈጀብኝ ይሉን ነበር። በእርሳቸው ጥረት ቢጫ ማሊያ መጣ፤ ቀጥሎ አረንጓዴ ማሊያ፣ ፊሽካ፣ የአሠልጣኞች ሥልጠና፣ ስለ አመራር ብቃት የሁለት ቀን ስብሰባ ሳይቀር ተገኘ። ልጃቸውም ሠልጥና የሰፈሩ ልጆች አሠልጣኝ ሆነች። ጠጠሩ ግን እዚያው ነበር። ልጆቹ እንደ ሙሽራ ለብሰው ጉልበታቸው እየደማ ይጫወቱ ነበር። «ከላይ አለበስናቸው፣ ከታች ገፈፍናቸው» ይሉ ነበር ጋሼ፣ ማታ እግራቸውን ሲታጠቡ።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ድርጅት ሜዳውን ለማሠራት ተስማማ። በምላሹ የጠየቀው፣ የልጃቸው የጉልበት ጠባሳ ፎቶግራፍ በትልቁ ታትሞ ከድርጅቱ ማስታወቂያ ጋር እንዲወጣ ነበር። ጋሼ ማመልከቻ ማንንም ሳያማክሩ «የልጄ ጉልበት ማስረጃ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም» ብለው እምቢ አሉ። የሰፈሩ ወላጆች አዘኑባቸው። የሰው ልጅ እየደማ የራሳቸውን ክብር ጠበቁ ብለው ያሟቸውም ነበሩ። ይህን ሁሉ ቻሉት። ያልቻሉት የልጃቸውን ቃል ነበር። «አባዬ፣ ጉልበቱ የእኔ ነው። እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለቻቸው። ለአገሩ ሰው ሁሉ ቃል ሲፈልጉ የኖሩት ጋሼ ውለው አድረው ወደ ድርጅቱ ሄደው ራሷን ጠይቋት ቢሉም ገንዘቡ ለሌላ ቦታ ተሰጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በዚያው ሜዳ ላይ ወድቃ ተጎዳች። እስከ ዛሬ ታነክሳለች። ጋሼ ማመልከቻ ቤቷ ድረስ እየሄዱ ይጠይቋት ነበር። ስለዚህ ነገር ከእኛ ጋር አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም፤ እኛም አላነሣንባቸውም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ጠረጴዛቸውን ከፍርድ ቤቱ በር አንሥተው ቤት ዋሉ። በዚህ ጊዜ ልጃቸው አንድ የጤና ድርጅት ወጣቶችን ከአካል ጉዳት ለመጠበቅ ለሚሠራ ሥራ ገንዘብ እንደሚሰጥ ሰማች። እሷ እየተናገረች እሳቸው ጻፉ። እንዴት እንደወደቀች፣ ሐኪሙ ሲነግራት ጣሪያውን እያየች እንደነበር፣ እኩዮቿ ሲዘሉ ዳር ቆሞ ፊሽካ መንፋት ምን እንደሚመስል፣ የፈለገችውን ያህል በራሷ ቃል ተናገረች። አባቷ አብዛኛውን የሰሙት ያን ዕለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ከጽሕፈት መኪናው አንሥተው «ቆይኝማ» አሏት፤ መነጽራቸውን ጠርገው ቀጠሉ። የባለጉዳይን ቃል ሳያቃኑ ጽፈው የማያውቁት ጋሼ ከእሷ ቃል አንድም አልነኩም።

ድጋፉ ተፈቀደ። ጠጠሩ በመኪና ተጭኖ ሄደ፤ ሲሚንቶው ተለሰነ። ግንበኛው ልስኑ እስኪጠነክር ድረስ ጠዋትና ማታ ውኃ እንዲጠጣ፣ ማንም እንዳይረግጠው አዘዘ። ጋሼ ማመልከቻ በወንድ ልጃቸው ተደግፈው ሊያዩት ሄዱ። ግንበኛው «እርስዎ ይርገጡት፣ ግድ የለም» ቢላቸው «እኔ ተጫዋች አይደለሁም» ብለው ዳር ቆሙ። በሲሚንቶው ላይ ሊነጠፍ ከግድግዳው ሥር ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የጎማ ንጣፍ ግን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው፣ የጎደጎደው ቦታ ተመልሶ ሲሞላ አዩ። ደግመው ጫኑት። ልጃቸውን ጠርተው እሷም እንድትጫነው አደረጉ። አባትና ልጅ ንጣፉ ላይ ጎን ለጎን ረዘም ላለ ጊዜ ተቀመጡ። የተነጋገሩትን አልሰማንም፤ ሲመለሱ ግን እጇን ይዘው ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋ አልወረዱም። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት አረፉ። ንጣፉ ተነጥፎ ያለቀው ረቡዕ ነው።

ጋሼ ማመልከቻ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንዲት እህታቸውንና የእህታቸውን ልጆች ትተውልን ሄደዋል። በአልጋ ላይ ሳሉ «በእኔ ምክንያት ልምምድ እንዳይታጠፍ» ብለው አደራ ስላሉ፣ የነገው ልምምድ በተለመደው ሰዓት ይካሄዳል። ሜዳውን እስካሁን የረገጠው ልጅ የለም። የመጀመሪያዋን ኳስ የምታቀብለው ያቺ የምታነክሰው ልጅ እንድትሆን አሠልጣኟ ወስናለች፤ ለዚያ መዝለል አያስፈልግም ብላለች። ወላጆች ልጆቻችሁን ይዛችሁ እንድትመጡ ቤተሰቡ ይለምናል።

አጎታችን ዕድሜያቸውን የጨረሱት በሰው በር ላይ ቆመው ለሌላ ሲለምኑ ነው። ፈጣሪ የራሱን በር ሳያስጠብቅ ይክፈትላቸው፤ ነፍሳቸውንም ለስላሳ ቦታ ላይ ያሳርፍልን።